ስለ ዱላ የጠየቅንባቸው ዓመታት

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቤት ውስጥ መቀመጥ አቅቶኛል። ጠዋት ተነስቼ ግቢውን እጠርጋለሁ፤ እሱን ስጨርስ የጎረቤትን ደጃፍ እጨምርበታለሁ። ከዚያ እስከ መናኸሪያ፣ ከመናኸሪያ እስከ ገበያ ምንም ሳልገዛ ደርሼ እመለሳለሁ። ልጄ ማርታ፣ "እማዬ፣ ሰው ምን ይላል? ዕቃ የጠፋብሽ ትመስያለሽ እኮ" ትለኛለች። አንድ ቀን እንዲያውም የራሴን በር አንኳኩቼ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ "ቤቶች!" ብዬ ቆምኩ። ማርታ ከፍታ ስታየኝ ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅኩም። ብዙ ዓመት የሰው በር ላይ ቆሜ መልስ ስጠብቅ ኖሬአለሁ። ጡረታ መውጣቴን እግሬ ገና አልሰማም።

ምን ስሠራ እንደኖርኩ ለሰው ማስረዳትም ይቸግረኛል። "ነርስ ነበርሽ አይደል?" ይሉኛል። አዎ፣ ነበርኩ። ኋላ ግን የጥናት ሠራተኛ ሆንኩ። ቤት ውስጥ የሚደርስ ድብደባ እናቶችንና ልጆችን ምን እንደሚያደርጋቸው በየቤቱ እየዞርን እንጠይቅ ነበር። ይህን ስነግራቸው ሰዎች ሁለት ነገር ይላሉ። ወንዶቹ፣ "ምን ይጠናል፣ የታወቀ ነገር!" ይላሉ። ሴቶቹ ዝም ይሉና ትንሽ ቆይተው፣ "ታዲያ ይነግሯችኋል?" ይላሉ።

የመጀመሪያ ምድቤ ቤሌ ጤና ጣቢያ ነበር፣ ማዋለጃ ክፍል። ያኔ ወጣት ነበርኩ። ለወሊድ ክትትል የሚመጡ እናቶች ክንዳቸው ጠቁሮ፣ ዓይናቸው አብጦ ይመጣሉ። "ምን ሆንሽ?" ስላቸው፣ "ላም ረገጠችኝ" ይላሉ። በዚያ አገር የላም እርግጫ የበዛበት ምክንያት አይገባኝም ነበር። አንድ ቀን ላም የሌላት ሴት ላም ረገጠችኝ አለችኝ፤ ያኔ ገባኝ። የጣቢያው ኃላፊ ደግና ታታሪ ሰው ነበር፤ በእግሩ ሄዶ በሽተኛ ይጠይቅ ነበር። ስለዚህ ነገር ሳነሳለት ግን፣ "አስቴር፣ እኛ የምናክመው ቁስሉን ነው፤ ቤቱን አይደለም" አለኝ። ክፋት አልነበረበትም። ነገሩ ግን እሾህ ሆኖ ውስጤ ቀረ። ቁስሉን አክመን ወደ ቤቱ እንልካለን፤ ቤቱ ደግሞ መልሶ ይልክልናል።

ከዚያ ወደ ሶዶ ተዛወርኩ፣ የሕፃናት ክፍል። እዚያ ደግሞ ሌላ ነገር አየሁ። የሚበሉት እየተመለሰ ያስቸገራቸው፣ ትልቅ ሆነው መኝታ ላይ የሚሸኑ፣ ሆዴን ብለው መጥተው ምንም በሽታ የማይገኝባቸው ልጆች ነበሩ። በር በኃይል ሲዘጋ አልጋ ሥር የሚገቡም ነበሩ። ሐኪሞቹ ለትል መድኃኒት ይሰጧቸዋል። እኔ እናቶቹን አያለሁ።

ዶክተር ሰሎሞን ከአዲስ አበባ መጥቶ ወላይትኛ የሚናገሩ ሴት ነርሶች እፈልጋለሁ ሲል የተመዘገብኩት ለዚህ ነው። ወጣት ነው፤ ሲናገር ይቸኩላል፣ ሻዩን ሳይጨርስ ይነሳል። አበሉ መጥፎ አልነበረም፣ ሒሳብ ማወራረዱ ግን ያስለቅስ ነበር። ስለ እሱ ይህን ያህል ይበቃል።

ሥራውን ያስተማሩኝ ሲስተር ዘነበች ናቸው። ከደብረ ማርቆስ ለአንድ ዓመት ተመድበው መጥተው፣ ወላይታ ላይ የቀሩ ሰው ነበሩ። ወላይትኛን የተማሩት ጎልማሳ ሆነው ስለሆነ አነጋገራቸው ሴቶቹን ያስቃቸዋል። እሳቸውም ሆን ብለው አያርሙትም። "ተያት ትሳቅ" ይሉኛል፤ "የሳቀች ሴት ትንፋሽዋ ይለቀቃል።"

ሰው ቤት ሲገቡ ወረቀት አያወጡም። ሴትየዋ በቆሎ እየፈለፈለች ከሆነ አብረው ይፈለፍላሉ፤ እንሰት እየፋቀች ከሆነ ቁጭ ብለው ያያሉ፣ ምክንያቱም መፋቅ አይችሉም ነበር። በርጩማ ሲቀርብላቸው የሚቀመጡት ሁልጊዜ ፊታቸውን ወደ በሩ አድርገው ነው። ሰው ሲመጣ ቀድመው ያያሉ፤ ያኔ ድምፃቸውን ሳይቀይሩ፣ "እና ጡት ስታጠቢ ሁለቱንም ታፈራርቂያለሽ?" ይላሉ። አማትም ትምጣ ባል፣ የሚሰሙት ስለ ጡት ማጥባት ነው። ጥናታችን ለመንደሩ ሰው የእናቶችና የሕፃናት ጤና ጥናት ይባል ነበር። ውሸት አልነበረም።

ጥያቄ አጠያየቅንም ከእሳቸው ነው ያየሁት። "ባልሽ መትቶሽ ያውቃል?" ብለሽ ከጠየቅሽ አብዛኛዋ "አያውቅም" ትልሻለች። እየዋሸች አይደለም። "መታኝ" የምትለው ደም ሲፈስ፣ አጥንት ሲሰበር ነው። ሌላውን "ቀጣኝ" ነው የምትለው፣ አንዳንዷ እንዲያውም "መከረኝ" ትላለች። ስለዚህ አንድ በአንድ ነው የሚጠየቀው፦ በጥፊ? ገፍትሮሽስ? ፀጉርሽን ይዞስ? ዕቃ ወርውሮብሽስ? አንዲት ሴት ሁሉንም "አዎ፣ አዎ" ብላ መለሰችና መጨረሻ ላይ ቀና ብላ፣ "እንዴ! እኔ እኮ ተመትቻለሁ" አለች። ሲስተር ዘነበች እጇን ያዙ።

ሌላ ልማድም ነበራቸው። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ ጥያቄዎቹን ሁሉ መጀመሪያ እሷን ይጠይቋታል። "ያልቀመስሽውን ለሰው አታቀርቢም" ይላሉ። እኔንም ቢሮ ውስጥ አስቀመጡኝና ጀመሩ። እየሳቅኩ እመልስ ነበር። "ልጅ ሳለሽ አባትሽ እናትሽን ሲመታ አይተሻል?" ሲሉኝ፣ "አላየሁም" አልኩ። እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። ጠበቁኝ። "ጋቢ ውስጥ ተሸፍኜ ነው እንጂ…" አልኩና የቀረውን መጨረስ አቃተኝ። ለሰው ተናግሬው የማላውቀው ነገር ነበር፤ ለባሌም ጭምር። ሲስተር ዘነበች ወረቀቱን አጠፉና፣ "ተነሺ፣ ትንሽ እንራመድ" አሉኝ። እስከ አደባባዩ ድረስ ሄድን።

አሁን ወደ ታደለች ልምጣ። እውነተኛ ስሟ አይደለም፤ የልጇንም ስም ብርቱካን ብዬዋለሁ።

ቤታቸው ሁምቦ ነው፣ ከተበላ ከተማ በእግር የሚኬድ። ባሏ የታወቀ ገበሬ ነው፤ በሬ አለው፣ ሰው ያከብረዋል፣ ቤተ ክርስቲያን አይቀርም። ታደለች መጀመሪያ ቀን ሁሉንም ጥያቄ "የለም" ብላ መለሰች። ለሁለተኛ ጊዜ ስንመለስ ለሲስተር ዘነበች ነገረቻቸው። እኔ ደግሞ የልጆች ጠያቂ ስለነበርኩ ከብርቱካን ጋር ዛፍ ሥር ተቀመጥኩ። ዘጠኝ ዓመት ይሆናታል። አስተማሪዋ "ዲዳ ናት" ብሎ ከኋላ አስቀምጧት ነበር።

ልጅን ፊት ለፊት አትጠይቂውም። ጎን ለጎን ትቀመጫለሽ፤ እጁ ላይ ሥራ ትሰጪዋለሽ። እኔ የበቆሎ ቆረቆንዳ ለቅሜ፣ "ቤታችሁን ሥሪልኝ" አልኳት። በጭራሮ አጥር ሠራች፣ በር ሠራች። ትልቁን ቆረቆንዳ አባቷ አድርጋ መሀል አቆመች። ትንሹን ታናሽ ወንድሟ ነው ብላ በር አጠገብ አደረገችው። ራሷን ከእሱ ጋር አስጠግታ አስቀመጠች። እናቷን ከቤቱ ውጪ አስተኛቻት።

"ለምን?" ማለት ክልክል ነው። ልጅ "ለምን" ሲባል የተከሰሰ ይመስለዋል። "ከዚያስ?" ነው የሚባለው። "ከዚያስ?" አልኳት።

ድምፅዋ እንደ ሹክሹክታ ነበር። "ጫማውን በር ላይ ካወለቀ ደህና ነው። ከነጫማው ከገባ ወንድሜን ይዤ በቆሎ ውስጥ እገባለሁ።"

"ከዚያስ?"

"አፉን እይዘዋለሁ፣ እንዳያለቅስ።"

"ከዚያስ?"

"እስክትጠራኝ እጠብቃለሁ። ካልጠራችኝ እስኪነጋ።"

በቆሎው ያኔ ከእኔ በላይ ቆሞ ነበር። ዞር ብዬ አየሁትና፣ "አገዳው ሲቆረጥስ የት ትገቢያለሽ?" አልኳት። ቆረቆንዳዎቹን አንድ በአንድ አፍርሳ ቀሚሷ ላይ ሰበሰበች።

ከዚያን ቀን በኋላ እንቅልፍ አጣሁ። በመኪና ስናልፍ ማሳ ሳይ የማስበው ልጅ ተደብቆበት ይሆን ብዬ ነው። አጨዳ ደረሰ ሲባል ሰው ደስ ይለዋል፤ እኔን ያምመኛል። ለዶክተር ሰሎሞን ነገርኩት። ሻዩን ሳይጠጣ አስቀመጠው። ከዚያ፣ "አጨዳ ከመድረሱ በፊት ለእናትየዋ መውጫ እንፈልግላት" አለ። ወንድሟ ቤሌ እንዳለ ታደለች ነግራን ስለነበር፣ ቀስ ብለን በእሱ በኩል ማመቻቸት ጀመርን።

አልደረስንም።

የቀበሌው ሰብሳቢ ደህና ሰው ነበር። ማወቅ ስላለበት የጥናቱን እውነተኛ ጉዳይ በአፍ ነግረነው፣ ለማንም እንዳያወራ አደራ ብለነዋል። እሱ ደግሞ የረዳን መስሎት፣ በአንድ የሕዝብ ስብሰባ ላይ ተነስቶ፣ "ሚስቱን ማን እንደሚመታ የሚያጠኑ ነርሶች በመንደራችን አሉ፤ ቤታችሁ ሲመጡ ተባበሩ!" አለ። ወንዶቹ ሁሉ እዚያ ነበሩ። የታደለች ባልም ነበረ።

እኛ የሰማነው በነጋታው ነው። ቤቷ የገባነው ሁለት ጊዜ መሆኑን ጎረቤት ሁሉ አይቷል። ባሏ የጠየቃት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ "ምን አልሽ?" ምንም አላልኩም ብትለውም አላመናትም፤ ደበደባት። አገዳው ተቆርጦ ነበር።

ተነስቼ ቦርሳዬን ያዝኩ። "እንሂድ፣ አሁን እንሂድ!" አልኩ። ዶክተር ሰሎሞን በሩ ላይ ቆመ።

"ማንም አይሄድም" አለ።

"እየሞተች ቢሆንስ?"

"የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሄዳ አይታታለች፤ በሕይወት አለች። ዛሬ የእኛ መኪና እዚያ ደጃፍ ላይ ከቆመ ግን ነገ አትኖርም።"

ሲስተር ዘነበችን አየኋቸው፤ ይደግፉኛል ብዬ። እሳቸው ቁጭ ብለው መሬት መሬቱን ያያሉ። "እውነቱን ነው አስቴር" አሉ። "ጉዳቱን ያመጣንባት እኛ ነን። አሁን ደግሞ ለእኛ ሕሊና ብለን አንጨምርባት።"

ሁለቱንም ጠላኋቸው። ጮህኩባቸውም። ዶክተር ሰሎሞን በዚያው ቀን ጥናቱን በሙሉ አቆመ፤ አለቆቹ አዲስ አበባ ጠርተው እንደተቆጡት ኋላ ሰምቻለሁ። የተጠየቁትን ሴቶች ሁሉ ደህንነት ሳናውቅ አንዲት ወረቀት አንነካም አለ። ሲስተር ዘነበችም በየጤና ኬላው እየዞሩ፣ ክትባት ሰበብ አድርገው፣ አንድ በአንድ አረጋገጡ። ሌሎቹ ደህና ነበሩ። የታደለች ብቻ አልተሳካልንም። ባሏ ከቤት እንዳትወጣ አድርጓት ነበር።

እኔ መጠበቅ የማልችል ሴት ነኝ። ስለዚህ አንድ ቀን ትመጣ እንደሆነ ብዬ ገበያ መውጣት ጀመርኩ። ተበላ ላይ በገበያ ቀን ማንም ማንንም ለምን መጣህ አይለውም። ቅቤ ተራ አጠገብ እቆማለሁ፣ ዋጋ እጠይቃለሁ፣ እዞራለሁ፣ እንደገና እመለሳለሁ። ቅቤ ሻጮቹ ሰለቹኝ። "እመቤት፣ ወይ ግዢ ወይ ሂጂ" አሉኝ። ገዛሁ። ቤታችን በቅቤ ተሞላ። ወር አለፈ፣ ሌላም ተጨመረ።

አንድ ቀን ቲማቲም እያየሁ ሳለ ትንሽ እጅ እጄን ያዘው። ብርቱካን ናት። ቀና ብላ አላየችኝም። ጎተተችኝ፤ ተከተልኳት። ከእህል ወፍጮው ጀርባ፣ ልታስፈጭ ተፈቅዶላት የወጣችው ታደለች ትንሹን ልጅ ታቅፋ ቆማለች። ነጠላዋን በግራ ጆሮዋ በኩል አጥብቃ አስራለች።

"በዚህ በኩል ተናገሪ" አለችኝ፣ ቀኝ ጆሮዋን እያሳየችኝ። "ያኛው አይሰማም።"

ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት፣ "እሱ ይቆይ" አለች። "ወንድሜ ጋ መኪና የሚሄደው ስንት ሰዓት ነው?"

ሚኒባስ ተራ ደርሰን ልንሳፈር ስንል ባሏ ከሰዎች ጋር መጣ። በገበያ መሀል አልመታትም። ታዋቂ ሰው ነው አልኩ አይደል? በለሰለሰ ድምፅ፣ "ልጄን ስጪኝ" ብሎ ትንሹን ከእቅፏ ወሰደው። ልጁ ይጮኻል። ሰው ተሰበሰበ፤ "አባቱ ነው፣ ተዉት" አሉ። ታደለች አንድ እግሯ መኪናው ላይ፣ አንዱ መሬት ላይ እንደሆነ ቆማ ቀረች። ሹፌሩ ጥሩንባ ነፋ። መኪናው ውስጥ የተቀመጠችውን ብርቱካንን አየች፣ ልጁን አየች። ከዚያ መኪናው ላይ ወጣች። እስከ ሶዶ ድረስ አላለቀሰችም። እኔ ነበርኩ የማለቅሰው።

ቤሌ ወንድሟ ማቴዎስ ቤት ገባች። ብዙም ሳይቆይ ባሏ ሽማግሌዎች ይዞ መጣ። ማቴዎስ "እኔ መናገር አልችልም፣ ይምጡልኝ" ብሎ ስለጠራን፣ ሲስተር ዘነበችና እኔ ሄድን። የሽማግሌዎቹ መሪ ጋሽ ጴጥሮስ የሚባሉ የቤተ ክርስቲያን ሰው ናቸው። ጸለዩ፤ ከዚያ እንደተለመደው ጀመሩ። ባል ጥፋቱን አምኗል፣ ይክሳል፣ በግ አምጥቷል፣ ትዳር የእግዚአብሔር ነው፣ ሴትዮዋ ትመለስ። ታደለች ወለል ላይ ተቀምጣ በደህና ጆሮዋ ታዳምጣለች።

ሲስተር ዘነበች አጠገቤ ነበሩ። እንዲናገሩ ጠበቅኩ። "የእኔ ወላይትኛ ለዚህ አይበቃም" አሉኝ በሹክሹክታ።

ተነሳሁ። ስለ ታደለች አልተናገርኩም፣ እሷ የነገረችን የእሷ ነው። ስለ ልጆች ተናገርኩ፤ አልጋ ሥር ስለሚገቡት፣ ትምህርት ስለሚጠፋቸው፣ የእግር ኮቴ ሰምተው ሽንታቸው ስለሚያመልጣቸው። "የምትታረቁት ሁለት ሰው ይመስላችኋል። ልጁን ያስታረቀ ማን ነው?" አልኩ።

ጋሽ ጴጥሮስ ጢማቸውን አሻሹ። "ልጅ ይረሳል የኔ ልጅ" አሉ። "ልጅ መሆን ጥሩነቱ መርሳቱ ነው።"

"ጋሼ፣ እኔ ልጅ አሳድጌአለሁ፣ ፀጉሬ ሸብቷል" አልኳቸው። "የእናቴን ድምፅ እስካሁን እሰማዋለሁ።"

ጋሽ ጴጥሮስ ጎንበስ ብለው ቆዩ። ምን እንዳሰቡ አላውቅም፤ እሳቸውም የአንዲት እናት ልጅ ናቸው። ቀና ሲሉ ለታደለች ሳይሆን ለባሏ ተናገሩ። "በጉን ይዘህ ተመለስ" አሉት። "እሷ እዚህ ትቆይ።"

ሁሉም ነገር አልተስተካከለም። ትንሹን ልጅ ለማስመለስ ፍርድ ቤት ተሄደ፤ ረጅም ጊዜ ወሰደ፤ ልጁ እናቱ ዘንድ ሲመጣ መጀመሪያ አላወቃትም። ጆሮዋም አልተመለሰም። ጥናቱ ከብዙ ወራት በኋላ በሌላ አሠራር ቀጠለ፤ ከዚያ ወዲህ በአንድም መንደር ውስጥ ጉዳዩን የሚያውቅ ባለሥልጣን አልነበረም፣ ለመውጣት የተዘጋጀ ቦታ ሳይኖርም አንዲትም ሴት አልጠየቅንም። ሲስተር ዘነበች አገራቸው ተመልሰዋል። በስልክ፣ "አረፍሽ ወይ?" ይሉኛል። "አላረፍኩም" እላቸዋለሁ። "እኔም" ይላሉ።

ዘንድሮ አዲስ ቡድን መጥቷል። ያኔ ልጆች የነበሩትን አሁን አድገው ምን እንደሆኑ ሊያጠኑ ነው። መሪዋ ጎበዝ ሴት ናት፤ ቤቴ ድረስ መጣች። ብርቱካን አሁን ሶዶ ኮሌጅ ናት፣ አካውንቲንግ ትማራለች። "የእሷ ታሪክ በጣም ያስፈልገናል፤ እርስዎን ታምናለች። አንድ ቃል ቢሉልን" አለችኝ። ሥራው እውነተኛ ሥራ መሆኑን አውቃለሁ። እንደ ብርቱካን ካሉ ልጆች የሰማነው ባይኖር ኖሮ ለጋሽ ጴጥሮስ የምለው አልነበረኝም። ግን አልደወልኩላትም። "እናንተው ጠይቋት" አልኩ። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ መንገድ ለመንገድ ስዞር ዋልኩ። ካመነችኝ እምቢ ማለት ይከብዳታል። እምቢ ካለች ያ ሁሉ ድካም ጎደሎ ይሆናል። ደግሞ ያንን ሁሉ እንደገና ብታስበውስ?

ከሰሞኑ ስልኬ ጮኸ። ብርቱካን ናት።

"ሲስተር፣ የጥናት ሰዎች መጥተው ነበር።"

"እሺ።"

"እንደማልፈልግ ነገርኳቸው። ተቀይመውኛል?"

"እኔ? ለምን እቀየማለሁ ልጄ?"

"አላውቅም። ፈርቼ ነበር። እምቢ ካልኩ በኋላ በሩን ይዤ ቆምኩ።"

"ከዚያስ?"

ከዚያ ራሷም ያላመነችው ነገር እንደሆነ ሁሉ፣ ሳቅ እየቀደማት፣

"ሲስተር፣ አመስግነውኝ እኮ ነው የሄዱት!" አለችኝ።